የእህቴ ውጤትና የእማዬ ስለት

እግዚአብሔር ለቤታችን ያደረገውን ልመስክር። የምንኖረው ሐዋሳ ነው። እህቴ ሁለት ልጆች አሏት፤ ትንሹ ጡት ከጣለ ገና ብዙም አልቆየም። አንድ ቀን ስትታጠብ ግራ ጡቷ ላይ ትንሽ ጠጣር እብጠት ዳሰሰች። አያምም። ስለማያምም ዝም አለች፤ ለባሏም አልነገረችውም። በኋላ ለእማዬ ነገረቻት። እማዬ ያን ዕለት ነጠላዋን ደርባ ሐኪም ቤት ይዛት ሄደች።

አልትራሳውንድ ተነሣች። ሐኪሙ ስክሪኑን ደጋግሞ አየና «ናሙና መወሰድ አለበት» አለ። በመርፌ የተወሰደው ናሙና ቁርጥ ያለ መልስ አልሰጠም። ስለዚህ እብጠቱ ራሱ ወጥቶ ይመርመር ተባለ። ወጣ። ከዚያ መጠበቅ ነው። እንዲህ ያለውን ወረቀት የጠበቀ ሰው ያውቀዋል፤ እንቅልፍ የለም፣ እህል አይወርድም። ቤታችን ውስጥ ካንሰር የሚለውን ቃል ማንም አፉን ሞልቶ አልጠራውም። «ያ ነገር» ነበር የምንለው።

ሐዋሳ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጭንቅ ሲመጣ እግር በራሱ ወደ ገብርኤል ያመራል። እማዬም ኪዳን ሳያመልጣት እየሄደች ትለምን ነበር። «ልጄን ለልጆቿ አትርፍልኝ፤ ለታኅሣሥ 19 ጃንጥላ ይዤ እመጣለሁ» ብላ ተሳለች። ሠለስቱ ደቂቅን ከእቶን እሳት ያወጣ መልአክ ነው። እሷ ሌላ ማብራሪያ አያስፈልጋትም።

ውጤት ልንቀበል የሄድን ዕለት አግዳሚው ላይ አንዲት ሴት ከጎናችን ተቀምጣለች። ከገጠር ከወንድሟ ጋር ነው የመጣችው። ወረቀቶቿን በፌስታል ጠቅልላ ጉልበቷ ላይ ይዛለች፤ የፌስታሉን አንገት ትቋጥረዋለች፣ ትፈታዋለች፣ ደግማ ትቋጥረዋለች። ቀድማ ተጠራች። ስትወጣ አላለቀሰችም። ወንድሟ ነው ወደ እኛ ዞሮ «አዲስ አበባ ሰው አላችሁ?» ያለን። ካንሰር ነው ተብላ ሪፈር ተጽፎላታል። አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የመኪናውን እንደምንም ተበድረዋል። ማደሪያ ግን የላቸውም። ስለ በሽታው ምንም አልጠየቀንም፤ የጨነቀው የት እንደሚያድሩ ነበር።

ከዚያ እኛ ተጠራን። «ካንሰር አይደለም» አለ ሐኪሙ። ፋይብሮአዴኖማ ይባላል፤ ወጣት ሴቶች ላይ የሚታይ፣ ወደ ሌላ የሰውነት ክፍል የማይዛመት እብጠት ነው። እማዬ እዚያው ወለሉ ላይ ተንበረከከች። እህቴ የሐኪሙን እጅ ይዛ መልቀቅ አቃታት።

ጡት ላይ የሚገኝ እብጠት አብዛኛው ካንሰር አይደለም፤ ሐኪሙም ይህንኑ ነግሮናል። «ታዲያ ተአምሩ የቱ ላይ ነው?» የሚል ይኖራል። እኔ ግን የምለው፣ ለምነን ነበር፣ ተሰጠን። የለመነ ሰው ሲሰጠው ያመሰግናል።

ያቺ ሴትስ? እሷም ለምና ነበር እኮ። ይህን ጥያቄ ዛሬም አልመልሰውም፣ ለእግዚአብሔር እተወዋለሁ። እማዬ ግን ባጃጅ ውስጥ ሆና «ከጎኗ ያስቀመጠን በከንቱ አይደለም» አለች። የወንድሟን ስልክ ተቀብላ ነበር።

የጃንጥላውን ገንዘብ ለእሷ ልስጥ ብላ የንስሐ አባታችንን ጠየቀች። «ስለትሽን ለገብርኤል አግቢ፤ ለእሷ ደግሞ ሌላ ፈልጊ» አሏት። ፈለገች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እያፈላች ሰፈሩን መጥራት ጀመረች። ቡና የጠጣ ሁሉ ረከቦቱ አጠገብ ያለው ሙዳይ ውስጥ የአቅሙን ጣል ያደርጋል። ጴንጤ ጎረቤቶቻችን መጡ፣ ሙስሊሞቹም መጡ። ከከተማ የራቁት በቴሌብር ላኩ።

የእድራችን ሊቀመንበር መጀመሪያ አመነቱ። እድር ለለቅሶ ነው፣ ሴትየዋም አባላችን አይደለችም አሉ። እማዬ ስብሰባው ላይ ተነሥታ «ጋሼ፣ ሰው ሲሞት ድንኳን የምንተክል ሰዎች፣ በሕይወት ሳለ የሚያድርበትን ብንከፍልለት ምን አለበት?» አለች። ተጨበጨበላት። ጸሐፊው ደብተር ከፍተው እዚያው መመዝገብ ጀመሩ።

በዚያ ገንዘብ ሴትየዋ ከወንድሟ ጋር አዲስ አበባ ሄደች፣ ማደሪያም ተከራየችበት። የተረፈውን ለማቴዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ላክን። እ.ኤ.አ. በ2004 የተቋቋመ ነው። ማቴዎስ የሚባል ሕፃን በደም ካንሰር አርፎ፣ ወላጆቹ በስሙ አቋቋሙት። ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅም የሌላቸው ታካሚዎች ማረፊያ ይሰጣል። ይህን ስሰማ አግዳሚው ላይ የተጠየቅነው ትዝ አለኝ፤ አዲስ አበባ ለካ ሰው አለ። አሁንም የምንሰበስበው ለእነሱ ነው።

ታኅሣሥ 19 ጃንጥላው በእልልታ ገባ። የያዘችው እህቴ ናት፤ ትንሹ ልጅ ጀርባዋ ላይ ነበር።

እህቶቼ፣ በአገራችን ሴቶች ላይ ከሁሉም በላይ የሚታየው ካንሰር የጡት ነው፤ ብዙዎቹም ሐኪም ፊት የሚቀርቡት ከቆየ በኋላ ነው። እብጠት ካገኛችሁ እስኪያም አትጠብቁ። እየጸለያችሁ ሂዱ።

ሴትየዋ ኬሞ ጀምራለች። ፀጉሯ ረግፏል፣ ምግብ ግን መብላት ችላለች። ገና ብዙ ሕክምና ይቀራታል። ለልጆቿ እንድትተርፍ በጸሎታችሁ አስቧት።