ቀዩ ልባጥ ሲወልቅ፦ የአሮጌ ድራም እድሳት ማስታወሻ ከጅማ

ስለ አሮጌው ድራሜ ስነግራችሁ «ልባጡን ልልጠው ነው» ብዬ ነበር። ይኸው ሁለት ወር አለፈ። ከአራቱ ቀፎዎች (የድራሞቹ ክብ የእንጨት አካል) ሦስቱ ተላጡ። ሁለቱ ደህና ወጡ፣ አንዱን አበላሽቼ እንደምንም አስተካከልኩት። ቤዝ ድራሙ ግን ቀይ ልብሱን እንደለበሰ ጥግ ይዟል።

ድራሙን የገዛሁት ከአንድ የተበተነ ባንድ ነው። በእግር የሚመታው 22 ኢንች ቤዝ፣ ከላዩ የሚቀመጡት 12 እና 13 ኢንች ቶሞች፣ መሬት ላይ የሚቆመው 16 ኢንች ፍሎር ቶም። ስኔር የሚባለው ድራም ብረት ስለሆነ እዚህ ወሬ ውስጥ የለበትም። በቀፎዎቹ ላይ ድራመሮች ራፕ የሚሉት የሚያብለጨልጭ የፕላስቲክ ልባጥ አለ። ከሩቅ ሲያዩት ያምራል። ጠጋ ሲሉት ተሰነጣጥቋል፣ መጋጠሚያው ላይ ተነስቷል፣ አንዱ ቶም ላይ የሲጋራ ጠባሳ ሳይቀር አለ።

ሐሳቡን የሰጠኝ እናቴ ቤት ያለው በርጩማ ነው። የጅማን ባለሦስት እግር በርጩማ ታውቁታላችሁ። ስንት ዓመት ተቀምጠንበት ራሱን በራሱ ወዝቷል። ድራሜም ከፕላስቲኩ ሥር እንዲህ ያለ እንጨት ደብቆ ይሆናል ብዬ ጎመጀሁ።

መጀመሪያ ሁሉንም በስልኬ ፎቶ አነሳሁ፣ ከዚያ በካቻቢቴ ፈታሁት። ብሎንና ሮንዴላው በየቀፎው ተለይቶ በየኩባያው ገባ። ሲኒዎቹ የተረፉት እናቴ ስለደበቀቻቸው ብቻ ነው። ብሎኑን የሚይዙት ብረቶች ውስጥ ትንሽ ስፕሪንግ አለች። ድራሙን ስትመቱ ዝዝዝ የምትለው እሷ ናት፤ ጥጥ ጠቀጠቅኩባት። የፋብሪካው ስም ያለበት ብረት የተያዘው በአየር ማስወጫው ቀዳዳ ባለፈ ቀለበት ነው። በውስጥ በኩል የተዘረጋውን ጠርዝ በፒንሳ ቀስ እያልኩ ሰብስቤ ወደ ውጪ ገፋሁት። እዚህ ላይ የቸኮለ ሰው ምልክቱን አጣጥፎ ነው የሚያወጣው።

ልባጡ የሚለቀው በሙቀት ነው። እናቴ ይህን ስትሰማ የከሰል ካውያዋን ይዛ መጣች። እሱንስ ተይው አልኳት። የድሮ ልባጦች አንዳንዶቹ የተሠሩት ከሴሉሎይድ ነው፤ እሳት ካገኘው ቦግ ብሎ ነው የሚነደው። የኔ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ስላላረጋገጥኩ ፍም አጠገቡ አላደረስኩም። የእህቴን የፀጉር ማድረቂያ ተዋስኩና በርና መስኮት ከፍቼ ጀመርኩ።

ከመጋጠሚያው ነው የሚጀመረው። ስንዝር ያህል ታሞቃላችሁ፣ የቀለም ቀቢዎችን ቀጭን ስፓቱላ በጎን ታስገባላችሁ፣ ሲለቅ እየጎተታችሁ ትቀጥላላችሁ። ሙቀት ከበዛ ደግሞ የእንጨቱን ንብርብሮች የያዘው ኮላም ይፈታል። ትንሹ ቶም በ40 ደቂቃ አለቀ። ጎበዝ ነኝ አልኩ።

ፍሎር ቶሙ ግማሽ ላይ ሲደርስ መብራት ሄደ። ጠበቅኩ። ቡና ተፈላ፣ አቦል ተጠጣ፣ ቶና ተጠጣ፣ መብራቱ የለም። በረካ ላይ ትዕግሥቴ አለቀና በቀዝቃዛው ጎተትኩት። ጠጠጠ ብሎ ጣት የሚያክል ሰፋ ያለ እንጨት ከልባጡ ጋር ተገንጥሎ መጣ። ሦስት ሲኒ ቡና ጠጥታችሁ ልባጥ አትንኩ።

ከሥር የወጣው እንጨት በርጩማውን አይመስልም። ቀላ ያለ፣ ቀዳዳው ሰፋ ሰፋ ያለ፣ የንብርብሩ መጋጠሚያ በግልጽ የሚታይ ነው። የድሮ የጃፓን ድራሞች ላይ በብዛት የሚገኘውን ሉዋን የሚባል እንጨት ይመስላል። መንደራ ሰፈር ያሉ አንድ አናጢ ጋር ወሰድኩት። በጣታቸው ኳ አድርገው ሳቁ።

«ልጄ፣ ይሄማ ኮምፔንሳቶ ነው። ዋንዛ መስሎህ ነበር?»

«አይ ጋሼ» አልኩ። መስሎኝ ነበር።

ነገሩ ልክ ናቸው። ቀፎው ስስ ስስ እንጨት ተደራርቦ፣ ተጣብቆና ክብ ሆኖ የተሠራ ነው። በልባጥ የሚሸፈን ከሆነ ደግሞ ፋብሪካው ለላይኛው ንብርብር ቆንጆ እንጨት የሚመርጥበት ምክንያት የለውም። ይህን ቀድሜ ባስብ ኖሮ ብዙ አልጎመጅም ነበር።

የቀረውን ሙጫ ደጅ አውጥቼ በቲነርና በጨርቅ አስለቀቅኩት፤ ጓንት አድርጉ። ማለስለሱን ጋሼ አሳዩኝ። ብርጭቆ ወረቀቱን በአሮጌ የነጠላ ጫማ ሶል ላይ መጠቅለል ነው። ሶሉ ከቀፎው ክብ ጋር አብሮ ስለሚታጠፍ አንድ ቦታ አይበላም። በሻካራው በ120 ቁጥር ወረቀት ጀምሬ፣ 180፣ 220፣ በለስላሳው በ320 ጨረስኩ፤ ሁሌም የእንጨቱን መስመር ተከትሎ። ቆዳው የሚቀመጥበትን ጠርዝ ግን አትንኩት። የድራሙ ድምፅ ያለው እዚያ ነው።

የተገነጠለውን ቦታ ሰጋቱራ ከኮላ ጋር ለውሼ ሞላሁት። ሲደርቅ ደልዳላ ሆነ። ቀለም ስቀባው ጉድ ፈላ! ኮላ ቀለም አይጠጣም። ቦታው ቋቁቻ የወጣበት ፊት መሰለ። አሁን ያን ጎን ወደ እኔ አዙሬ ነው የማስቀምጠው። ታዳሚ አያየውም፣ እኔ ሁሌ አየዋለሁ።

ስለ ቀለሙ ካነሳን፣ ጅማ ተቀምጦ በቡና ሳይሞክር የሚቀር ማን ነው? ወፍራም አድርጌ አፍልቼ ቁራጭ እንጨት ላይ ሦስት ጊዜ ቀባሁ። የወጣው የቀጭን ሻይ መልክ ነው። ቡናውን ጠጣሁትና ከሂርማታ ገበያ ጠቆር ያለ የእንጨት ቀለም ገዛሁ።

ትልቁ ስህተቴ ላከሩን፣ ማለትም የሚያብረቀርቀውን የላይ ቅብ፣ በሰኔ መቀባቴ ነው። የዚህ አገር ዝናብ መቼ እንደሚመጣ አይታወቅም ማለት አልችልም፤ ይታወቃል፣ በየቀኑ ነው። የላከሩ ቲነር ሲተን የእንጨቱን ፊት ያቀዘቅዘዋል፣ የአየሩ እርጥበት እዚያ ላይ ያርፋል፣ ላከሩ ወተት የፈሰሰበት መስሎ ይነጣል። 13ቱ ቶም በአንድ ሌሊት ሸበተ። ጠርቤ ልጀምር ስል ጋሼ «ቆይ» አሉኝ። ፀሐይ የወጣበትን ቀን ጠብቄ በቲነር የቀጠነ ስስ ላከር ደረብኩበት። የድሮውን አሟሙቶ ንጣቱ ጠፋ። ከዚያ ወዲህ ሰማይ ሳላይ ብሩሽ አላነሳም።

ድምፁስ? «እንጨቱ ሲተነፍስ ድምፁ ይለወጣል» የሚሉትን ብዙም አላምንም። የተለወጠው የቆዳው አገባብ ነው። ልባጡ ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ስለነበር ቀፎው በሁለቱም ጎን ሲቆጠር አንድ ሚሊሜትር ያህል ቀጠነ። ድሮ እየታገልኩ የማስገባው ቆዳ አሁን ጠብ ብሎ ይቀመጣል፣ ለመቃኘትም ቀለለ። የቀረው ለውጥ የአዲሶቹ ቆዳዎች ይመስለኛል።

ቤዝ ድራሙ ዙሪያው 175 ሴንቲሜትር ነው፤ ያ ሁሉ ልባጥ። መስከረም ጠብቶ ዝናቡ ጋብ እስኪል አልነካውም። እስከዚያ ለእህቴ ሌላ የፀጉር ማድረቂያ መግዛት አለብኝ። የተመለሰላት ማስቲሽ ማስቲሽ ይሸታል ብላለች።