ሻማሽ

ዛሬ ስምንት ቀን የሚከበረው የአይሁድ የመብራት በዓል፣ የሐኑካ፣ ሦስተኛ ምሽት ነው። ልጆቼ መብራቱን አብርተውና ዘምረው ሱፍጋኒያ ወደሚባለው በዘይት የተጠበሰ የበዓል ጣፋጫቸው ሲሮጡ፣ እኔ ከእናቴ ጋር መስኮቱ አጠገብ ቀረሁ። እርሷም እንደ ልማዷ ሰፌዷን ጭኗ ላይ አድርጋ ምስር መልቀም ጀመረች።

በዓሉ ለቤታችን እንግዳ ነበር። ጎንደር ገጠር ሳለን አባቶቻችን ፋሲካን፣ አስተሰርዮንና ሰግድን ጠንቅቀው ሲያከብሩ፣ የሐኑካን ሥርዓት የደነገገው ታልሙድ፣ የአይሁድ ሊቃውንት የሕግና የትውፊት መጽሐፍ፣ ከእኛ ዘንድ ስላልደረሰ በዓሉን በስም እንኳ አያውቁትም ነበር። ከ14,000 በላይ ወገኖቻችንን ባጓጓዘው በዘመቻ ሰሎሞን፣ በግንቦት 1983 ዓ.ም. እስራኤል ገባን፤ በዚያው ዓመት ብርድ ሲገባ መርካዝ ክሊታ በሚባለው የአዲስ መጤዎች መኖሪያ ውስጥ አንድ አስተማሪ ዘጠኝ ቅርንጫፍ ያለው መቅረዝ ጠረጴዛ ላይ አኖረ። ከስምንቱ ተለይታ ከፍ ወዳለችው ሻማ እያመለከተ «ሻማሽ» አለ። በዕብራይስጥ «አገልጋይ» ማለቱ ነበር፤ እናቴ ግን የሰማችው በአማርኛ ስለሆነ «ይህቺ የእኔ ናት?» ብላ ደስ አላት። እኔም ልጅ ስለነበርሁ፣ ዘጠነኛዋ ሻማ በየቤቱ ለእናት የምትሰጥ መስሎኝ ብዙ ቆየሁ።

ታሪኩን ያወቅሁት ኋላ፣ በትምህርት ቤት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ167 ይሁዳን ይገዛ የነበረው የግሪኮች የሰሌውቅያን መንግሥት ንጉሥ አንጥያኮስ ኤጲፋንስ የኢየሩሳሌምን ቤተ መቅደስ የግሪኮች አምላክ የዜውስ ማምለኪያ አደረገው፤ ሰንበት ማክበርንና ልጅ መግረዝንም በሞት የሚያስቀጣ ወንጀል አደረገ። ሞዲዒን በምትባል መንደር የነበረው ካህኑ ማታትያስ አምስት ወንዶች ልጆቹን አስከትሎ፣ የእኛ አገር ሰው እንደሚለው ዱር ቤቴ አለ። እርሱ ሲሞት ልጁ ይሁዳ መቃቢ ትግሉን መርቶ በ164፣ በዕብራውያኑ የኪስሌው ወር በ25ኛው ቀን፣ ቤተ መቅደሱን አንጽቶ መሠዊያውን አስመረቀ። ሐኑካ ማለትም ምረቃ ማለት ነው፤ አማርኛው ቅዳሴ ቤት የሚለው ቃል ይቀርበዋል። (ጎንደር የቀረ የልጅነት ጓደኛዬ ስለ መቃብያን ስነግረው በኢትዮጵያው መጽሐፍ ቅዱስ ያሉትን መቃብያን እያሰበ ተከራከረኝ፤ ስማቸው ቢገጥምም የእነዚያ ታሪክ ሌላ ነው።)

ሁልጊዜ የሚያስገርመኝ ግን የዘይቱ ነገር ነው። ዛሬ ማንም ሕፃን ሐኑካ ምንድን ነው ቢባል፣ በቤተ መቅደሱ መቅረዝ ለአንድ ቀን ብቻ የሚበቃ ንጹሕ ዘይት ስምንት ቀን ነደደ ብሎ ይመልሳል። ለዘመኑ የቀረቡት፣ በግሪክኛ የተላለፉት የመቃብያን መጻሕፍት ግን ስለዚህ ተአምር አንድ ቃል አይናገሩም፤ እንዲያውም ከእነርሱ አንዱ ስምንቱን ቀን የሚያያይዘው ተዋጊዎቹ በዋሻና በተራራ ሲንከራተቱ በወጉ ሳያከብሩት ካለፋቸው የዳስ በዓል ጋር ነው። የዘይቱን ማሰሮ የምናገኘው ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ በታልሙድ ውስጥ ነው። ሊቃውንቱ ከሰይፉ ይልቅ ዘይቱን መምረጣቸው፣ እንደ እኔ ግምት፣ ድሉ ምን እንዳስከተለ ስላዩ ነው። ያ ነፃ ያወጣ ቤተሰብ ክህነቱንም ንግሥናውንም ለራሱ ጠቀለለ፤ መቃቢ ድል ባደረገ በመቶ ዓመቱም ሁለት ወንድማማች ወራሾች፣ ሂርቃኖስና አሪስጦቡሎስ፣ በዙፋን ሲጣሉ የሮማው ጦር አለቃ ፖምፔዮስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ63 ኢየሩሳሌምን ያዘ። እንዲህ ያለውን ድል ብቻውን ማክበር ከባድ ነው።

ታልሙዱ ስለ አበራሩም ይከራከራል። ከሁለቱ የጥንት ሊቃውንት ተከታዮች፣ የሻማይ ቤት ከስምንት ጀምሮ በየቀኑ አንድ ይቀነስ ሲል፣ የሂሌል ቤት በቅድስና ነገር ይጨመራል እንጂ አይቀነስም ብሎ ከአንድ ጀመረ፤ ልማዱም የሂሌል ሆነ። እናቴ ይህን ስነግራት የቆጣቢው መንገድ የቱ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ብንቆጥረው የሁለቱም ድምር ከነሻማሹ ያው 44 ሆነ።

በዚያ በመጀመሪያው ምሽት እናቴን ያስደነገጣት ሌላ ነበር። አስተማሪው እነዚህ መብራቶች ሊታዩ እንጂ ሊሠራባቸው አልተፈቀደም አለ። ላምባ በጠርሙስ ከገበያ እየገዛች በአንድ ኩራዝ ስትፈትልና ልጆች ስታስተኛ ለኖረች ሴት፣ እየነደደ የማይሠራበት ብርሃን ብክነት ነበር። እርሷም ሰፌዷን አንሥታ፣ የራሷ ናት ወዳለቻት ወደ ዘጠነኛዋ ሻማ ተጠጋች። ዓመታት አልፈው ሕጉን ሳነብ ነው የሳቅሁት፤ ሻማሽ ከስምንቱ ተለይታ የምትቀመጠው ድንገት አንድ ሰው በብርሃኑ ቢጠቀም የተጠቀመው በእርሷ ብርሃን እንዲሆን ነውና።

ዛሬ ማታ፣ መብራቱ እስኪነድ ሴቶች ሥራ ያለመሥራት ልማድ እንዳላቸው ደግሜ ነገርኋት።

«ምስር መልቀም ደግሞ ከመቼ ወዲህ ሥራ ሆነ?» አለችኝ፤ ቀጥላም «ያንን የኤሌክትሪኩን አጥፋልኝ ልጄ፣ ሻማዬ ይበቃኛል» አለች።