ስንዝር የማይሞላ ጠፈርተኛ ከደብረ ብርሃን ቢነሣ

ቁመቱ 1.70 ሜትር፣ ክብደቱ 70 ኪሎ የሆነ ሰው በሁሉም አቅጣጫ አሥር እጅ ቢቀንስ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ስንዝር አይሞላም። ክብደቱ ግን ሺህ እጅ ቀንሶ 70 ግራም ይገባል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው «እንግዲያ ወደ ጠፈር የሚወስደው ሮኬትም ሺህ እጅ ይረክሳል» ብሎ ይቸኩላል። አይረክስም።

ዝቅተኛው ምሕዋር (መሬትን ከቅርብ የሚዞሩበት መንገድ) ላይ ለመቆየት በሰከንድ 7.8 ኪሎ ሜትር ገደማ መብረር ግድ ነው፤ ለዝሆንም ለጉንዳንም ያው ነው። ስበቱና አየሩ የሚበሉት ሲታከልበት ሮኬቱ 9.4 ያህል ማውጣት አለበት። ለዚህም ከመነሻው ክብደት ከመቶ 90 በላይ የሚሆነው ነዳጅ ነው። ሮኬቱ ባነሰ ቁጥር ደግሞ ክብደቱ ከፊት ገጹ ስፋት ይልቅ ቶሎ ስለሚቀንስ አየሩ አብዝቶ ይይዘዋል፤ ቫልቩና መሪ መሣሪያውም አብረውት አያንሱም። እስካሁን ምሕዋር ከደረሱት ሁሉ ትንሹ፣ ጃፓኖች በፈረንጆቹ 2018 ያመጠቁት ኤስኤስ-520፣ 2.6 ቶን ይመዝን ነበር። የተሸከማት ሳተላይት 3 ኪሎ ናት።

ስለዚህ ለትንሽ ሮኬት የመነሻው ቦታ ወሳኝ ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች አየሯ በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ወደ ምሥራቅ ለተነሣ የመሬት ሽክርክሪት በሰከንድ 458 ሜትር በነፃ ይመርቅለታል፤ ከካዛክስታኑ የሮኬት ማስወንጨፊያ ከባይኮኑር የሚገኘው 323 ገደማ ነው። ጣጣው ተቃጥሎ የሚወድቀው ክፍል ነው። ከአንኮበርና ከአልዩ አምባ ባሻገር ያለው ባሕር ሳይሆን የአፋር አርብቶ አደር ነው። በዚህ ብቻ ቦታው አይሆንም ባይ ነኝ።

ወደ ሰውየው እንምጣ። ቆዳው መቶ እጅ፣ ሥጋው ሺህ እጅ ስላነሰ ለእያንዳንዱ ግራም አሥር እጥፍ ቆዳ ይደርሰዋል፤ ሙቀቱ ያመልጣል። በኅዳር ውርጭ ባና ደርቦ እንዳይተኛ ባናው ራሱ ይጨፈልቀዋል! ካቢኑን አይጥ እንደሚስማማት ወደ 30 ዲግሪ ማሞቅ ይሻላል። የቀን ቀለቡ 11 ካሎሪ ገደማ፣ ማለትም 3 ግራም በሶ ነው። ጥቂት ይምሰል እንጂ ከክብደቱ አንጻር ከእኛ አምስት ስድስት እጥፍ ይበላል፤ ስንቅ ቢዘገይበት እንደኛ ሳምንታት አይታገሥም።

ክፉ ጠላቱ ውሃ ነው። በፈረንጆቹ 2013 ጣልያናዊው ጠፈርተኛ ሉካ ፓርሚታኖ ከዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ውጭ ሲሠራ የራስ ቁሩ ውስጥ ከአንድ ሊትር በላይ ውሃ ፈስሶ አፍንጫው ድረስ ደርሶበት ነበር። ክብደት በሌለበት ውሃ አይንጠባጠብም፣ ይለጠፋል። ለትንሹ ሰው አንድ የሻይ ማንኪያ ይበቃዋል፦ ጭንቅላቱን ዙሪያውን በሦስት ሚሊ ሜትር ውፍረት ይለብሰዋል። መጠጡ ቫልቭ ባለው ቱቦ ብቻ ይሁን፤ ጨርቅም ከእጁ አይራቅ።

የጠፈር ጨረር ደግሞ የተሳፋሪውን ቁመት አያይም። የፀሐይን ፍንዳታ ጨረር በአብዛኛው ለመከላከል 20 ሴንቲ ሜትር የውሃ ግድግዳ እንበል (ከሩቅ ጠፈር የሚመጣውን ያዳክመዋል እንጂ አያቆመውም)። ለእኛ ልክ ጎኑ 5 ሜትር የሆነ ካቢን 32 ቶን ተኩል ውሃ ይፈልጋል። ለትንሹ ሰው ጎኑ 50 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካቢን 600 ኪሎ ይፈልጋል። ተሳፋሪው ሺህ እጅ ሲቀል ጋሻው የቀለለው 54 እጅ ብቻ ነው፤ 70 ግራም ሰው ለመጠበቅ 600 ኪሎ!

ይህም ሁሉ ቢፈታ አንጎሉ ይቀራል። 1.4 ኪሎው አንጎል 1.4 ግራም ይሆናል። የነርቭ ሕዋስ አብሮ ስለማያንስ 86 ቢሊዮኑ ወደ 86 ሚሊዮን ይወርዳል፤ የትልቋ የቤት አይጥ እንኳ 200 ሚሊዮን ገደማ ነው። መንኮራኩር የሚነዳ አይወጣውም።

ስለዚህ አሥር እጅ ማሳነሱን ትቶ በእውን ከኖረው ልክ መነሣት ይሻላል። በፈረንጆቹ 2012 የዓለም አጭር ሰው ተብሎ የተመዘገበው ኔፓላዊ አዋቂ ቻንድራ ባሃዱር ዳንጊ 54.6 ሴንቲ ሜትር፣ 14.5 ኪሎ ነበር። በዚህ መጠን ቀለቡ በቀን 600 ካሎሪ ገደማ፣ የካቢኑ ጎን 1.6 ሜትር፣ የግድግዳው ውሃ 4 ቶን ያህል ይሆናል። ያን ውሃ መጠጣትም ይቻላል፤ ሽንቱንና የትንፋሹን እርጥበት አጣርቶ ወደ ግድግዳው ካልመለሰ ግን በጠጣ ቁጥር ጋሻው ይሳሳል።