መድረክ ላይ ያልወጣው ሮበርት ሪች

ትናንት ማታ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ስለ ደራሲው ዳልተን ትራምቦ ሳነብ ሊነጋ ሆነ። ዛሬም ቀኑን ሙሉ ከጭንቅላቴ አልወጣ አለ።

ሰውየው የአሜሪካዋ ኮሎራዶ ልጅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1905 የተወለደ። ቤተሰቡ ሎስ አንጀለስ ከገባ በኋላ አባቱ ሞተ። እናቱና ሁለት ታናናሽ እህቶቹ እሱ ላይ ወደቁ። ዳቦ ቤት ተቀጠረና በሌሊት ፈረቃ ስምንት ዓመት ገደማ ሠራ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ይጽፋል። የላከው ይመለስበታል፤ ደግሞ ይጽፋል።

በ1939 “ጆኒ ጎት ሂዝ ጋን” የሚለውን ልቦለድ አሳተመ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት እጁን፣ እግሩንና ፊቱን ያጣ ወታደር ታሪክ ነው። መናገር ስለማይችል ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ እየመታ በሞርስ ኮድ ለማውራት ይሞክራል። አንዴ አንብቤዋለሁ። ለመድገም አቅም አላገኘሁም።

ሆሊውድ ውስጥ ለአንድ የፊልም ድርሰት 75,000 ዶላር የሚከፈለው ሰው ሆነ። ኮሚኒስት ፓርቲም ገባ። በ1947 የአሜሪካ ምክር ቤት ኮሚቴ ጠርቶ “የፓርቲው አባል ነህ?” ሲለው፣ እንደ ሌሎች ዘጠኝ የፊልም ሰዎች አልመልስም አለ። ስቱዲዮዎቹ በሩን ዘጉበት። ባለመመለሱም በ1950 ኬንታኪ ውስጥ ታሰረና አሥር ወር ገደማ ቆየ። ያ ባለ 75,000 ዶላር ደራሲ አንዱን ድርሰት በ3,750 ዶላር ሸጧል። ያውም ስሙ ላይወጣ።

“ሮማን ሆሊደይ”ን ያላየ ፊልም ወዳጅ ያለ አይመስለኝም። ልዕልቷ ከቤተ መንግሥት ጠፍታ ሮም ውስጥ ፀጉሯን የምትቆረጥበትን ፊልም። ታሪኩ የትራምቦ ነው። ኦስካሩን የወሰደው ግን ስሙን ያዋሰው ጓደኛው ኢያን ማክሌላን ሀንተር ነው። በ1957 የኦስካር ምሽት ደግሞ ለ“ዘ ብሬቭ ዋን” ፊልም ታሪክ አሸናፊው ሮበርት ሪች ተብሎ ተጠራ። ማንም አልተነሳም። ሚስቱ ልትወልድበት ሆስፒታል ነው ተባለና ሌላ ሰው ተቀበለለት። ሮበርት ሪች የሚባል ደራሲ ግን አልነበረም፤ ስሙ ከፊልሙ አሠሪዎች የአንድ ዘመዳቸው ነው። የጻፈው ትራምቦ ነበር። እቤት ያሉት ሦስት ልጆቹ “አባታችሁ ምን ይሠራል?” ሲባሉ እውነቱን መናገር አይችሉም።

እዚህ ጋ ስደርስ መጽሐፉን አስቀመጥኩት።

ከዓመታት በፊት ተከታታይ የሬዲዮ ድራማ ጽፌ ነበር። አንድ ቀን ሚኒባስ ውስጥ ሳለሁ ተጀመረ። ሹፌሩ ድምፁን ጨመረ። ፊት ለፊቴ የተቀመጠች ዘንቢል የያዘች ሴትዮ፣ ሦስት ሌሊት የለፋሁባት ዓረፍተ ነገር ጋ ስትደርስ ሳቀች። ልቤ ቀጥ አለ። መጨረሻ ላይ ደራሲው ተብሎ የተነበበው የሌላ ሰው ስም ነው። ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ብዕር አልያዝኩም።

ሰው ሁሉ “ዋናው ሥራው ነው፤ ስም ምን ያደርጋል?” አለኝ። ልክ ነው ብዬ ለማመን ብዙ ታገልኩ። ትራምቦ ግን እንደዚያ አላለም። ያለ ስም ጻፈ፤ ስሙንም መልሶ ለማግኘት ታገለ። በ1960 በ“ስፓርታከስ” እና በ“ኤክሶደስ” ስሙ ስክሪን ላይ ወጣ። የሮበርት ሪች ኦስካር እጁ የገባው በ1975፣ ሊሞት አንድ ዓመት ሲቀረው ነው። የ“ሮማን ሆሊደይ”ን በ1993 የተቀበለችው ባለቤቱ ክሊዮ ናት። የደራሲያኑ ማኅበር በዚያ ፊልም ላይ ስሙን በይፋ የመለሰለት በ2011 ነው። ፊልሙ ከወጣ ከ58 ዓመት በኋላ!

መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ሆኖ ሲጽፍ የተነሳው ፎቶ አለ። ውሃ ውስጥ ተዘፍዝፎ፣ ፊቱ ሰሌዳ ተጋድሞ፣ ወረቀቱን እያየ። ብዙ ሰው ይሄን ፎቶ ሲያይ ይስቃል። እኔን ትከሻው አሳዘነኝ፤ የደከመ ሰው ትከሻ ነው።

አንድ ነገር ላይ ግን ልከተለው አልቻልኩም። በ1970 የማኅበሩን ሽልማት ሲቀበል፣ በዚያ ዘመን ጀግናም ሰይጣንም አትፈልጉ፣ ሁላችንም ተጎጂዎች ነበርን አለ። እንደሱ አልመልስም ብለው ከታሰሩት አንዱ፣ አልበርት ማልትዝ፣ ይህን አጥብቆ ተቃውሟል። ልቤ ከማልትዝ ጋር ነው። ለኮሚቴው ጓደኛውን የጠቆመና የተጠቆመ እንዴት እኩል ይሆናል? ስሜ ቦታ የራሱን ያስነበበውን ሰው እስከ ዛሬ መንገድ ላይ ሳየው አንገቴን አዞራለሁ።

ዛሬ ግን ከሱ ይልቅ ያቺ ሴትዮ ናት የመጣችብኝ። ለካ እሷን አንድም ቀን አስቤያት አላውቅም። ሳቋ ሳያልቅ አጠገቧ ወዳለችው ልጅ ዞራ “ሰማሽው?” ብላ ዓረፍተ ነገሯን ደገመችላት። አንዲት ቃል ሳታዛንፍ።