ማንም ያልጻፈው ጠርዝ

ልጄን ካስተኛሁ በኋላ ዛሬም ስለ ጁንኮ ታቤይ ሳነብ አመሸሁ። ጃፓናዊት ናት፤ ኤቨረስት አናት ላይ የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት። ከአእምሮዬ አልወጣ ያለኝ ግን ጫፉ ሊደረስ ትንሽ ሲቀር ያለው ጠርዝ ነው። እንደ ቢላ ስለት የቀጠነ በረዶ፣ በአንድ ወገን ቻይና፣ በሌላው ኔፓል፣ ሁለቱም ገደል። በሆዷ ተለጥፋ፣ ከወገቧ በላይ ወደ ቻይና፣ እግሯ ወደ ኔፓል ሆኖ፣ ወደ ጎን እየተንፏቀቀች አለፈችው። በጣም ተናዳ ነበር። ቀድመዋት የወጡት የጻፉትን አንብባለች፤ ስለዚህ ጠርዝ ግን አንዳቸውም አላነሱም።

እዚያ ለመድረስ ያየችው አበሳ! 15 ሴቶች ሆነው ድጋፍ ሲጠይቁ «ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ልጅ አሳድጉ» ተባሉ። ጁንኮ ፒያኖ እያስተማረች ገንዘብ አጠራቀመች። ከአሮጌ የመኪና ወንበር ልባስ ውሃ የማያስገባ ጓንት ሰፉ፤ ከቻይና ያስመጡትን የዝይ ላባ እየሞሉ የመኝታ ከረጢታቸውን በእጃቸው ሠሩ። ሳስባት ሁሌ የምትታየኝ ሌሊት መርፌ ይዛ ነው፣ ሕፃን ልጇ አጠገቧ ተኝታ።

በእኛ አቆጣጠር ሚያዝያ 26 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ 6,300 ሜትር ገደማ ላይ ድንኳን ውስጥ እንደተኙ የበረዶ ናዳ ወረደባቸው። ራሷን ስታ ከበረዶው ሥር ጎትተው ያወጧት ሼርፓዎች፣ ተራራ የሚመሩት የአካባቢው ሰዎች፣ ናቸው። መራመድ እንኳ አቅቷት ነበር። በ12ኛው ቀን፣ ግንቦት 8፣ ከሼርፓው አንግ ጸሪንግ ጋር ጫፉ ላይ ቆመች። ቁመቷ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ የሆነች ሴት!

በ1984 ዓ.ም. የሰባቱን አህጉራት ረጃጅም ተራሮች ወጥታ ጨረሰች፤ በዚህም ከሴቶች ቀዳሚ ናት። እሷ ግን «የመጀመሪያዋ ሴት» ከመባል ኤቨረስት የወጣች 36ኛዋ ሰው መባልን ትመርጥ ነበር። በ2008 ክረምት፣ ካንሰር ሊገድላት ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ ሱናሚ ከጎዳው አካባቢ የመጡ ተማሪዎችን ይዛ ፉጂ ተራራ ላይ ነበረች።

እህቴ በሚቀጥለው ወር ትወልዳለች። «የመጀመሪያዎቹ ወራት እንዴት ናቸው?» ባለችኝ ቁጥር «አይዞሽ፣ ያልፋል» ነው መልሴ። ሌሊቱን በር ዘግቼ ያለቀስኩትን አንድ ቀን አንስቼላት አላውቅም። አሁን ስልኬን አንስቼ «ነገ ለቡና ነይ፣ ያልነገርኩሽ አለ» ብዬ ጻፍኩላት።