ኩሬውም እሳት ይሻል

በሰሜን ፍሎሪዳ በሚገኘው በአፓላቺኮላ ብሔራዊ ደን መመላለስ ከጀመርኩ ዓመታት አስቆጥሬያለሁ። እዚያ በብዛት የሚበቅለው ዛፍ እኛ ጥድ የምንለው ሳይሆን፣ ቅጠሉ እንደ መርፌ የቀጠነና ከስንዝር የሚረዝም ፓይን ነው። በዛፎቹ መካከል፣ በብርዱ ወራት በዝናብ ሞልተው ግንቦት ላይ የሚደርቁ፣ ሰው ልብ ሳይል የሚያልፋቸው ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች አሉ። በየጊዜው ስለሚደርቁ ዓሣ አይኖርባቸውም፤ ዓሣ እንቁላላቸውንና እጫቸውን የሚጨርስባቸው እንቁራሪቶችና እንሽላሊት የሚመስሉት ዘመዶቻቸው ሳላማንደሮችም የሚራቡባቸው ለዚሁ ነው።

ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያሳስበኝ፣ በጥቁር ገላው ላይ አመድ የተነሰነሰበት የሚመስል፣ ርዝመቱ ከ13 ሴንቲ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ሳላማንደር ነው። እናቲቱ በጥቅምትና በኅዳር ዝናባማ ሌሊቶች ከጉድጓዷ ወጥታ እንቁላሏን የምትጥለው ውሃ ውስጥ ሳይሆን፣ በደረቀው የኩሬ ወለል ላይ፣ በሣር ሥር ነው። እንቁላሉ ውሃው እስኪደርስበት ይጠብቅና ይፈለፈላል፤ እጩም ከሦስት እስከ አራት ወር ያህል በውሃው ውስጥ ባለው ሣር ተሸሽጎ ያድጋል። ሣር የሌለበት ኩሬ ቢሞላም ለእርሱ አይሆነውም።

ሣሩን የሚያቆየው እሳት ነው። ይህ ዓይነቱ ደን በአንድ ወቅት ከቨርጂኒያ እስከ ቴክሳስ ወደ 36 ሚሊዮን ሄክታር ሲሸፍን፣ በግንቦትና በሰኔ የሚወርደው መብረቅ በየሁለት ሦስት ዓመቱ ይለኩሰው ነበር፤ በእነዚያ ወራት ኩሬዎቹ ደርቀው ስለሚቆዩ እሳቱ ወለላቸውን አቋርጦ ያልፋል፣ ቲቲ የሚባለውን ቁጥቋጦ ያቃጥላል፣ የተከመረውን ደረቅ ቅጠል ያነሳል። እሳት ሲቀር ቁጥቋጦው ብርሃኑን ይጋርዳል፤ ውሃውንም ስለሚመጥ እጩ ለመውጣት ሳይደርስ ኩሬው ሊደርቅበት ይችላል።

ዛሬ እሳቱን በዕቅድ የሚለኩሱት ሠራተኞች፣ ሙቀቱና ጭሱ ለቁጥጥር ስለሚመቻቸው፣ ብዙ ጊዜ ብርዱን ወራት ይመርጣሉ። ችግራቸው ይገባኛል፤ ነገር ግን ያን ጊዜ ኩሬው ውሃ ስለያዘ እሳቱ ዳር ላይ ይሞታል፤ ደኑ ተቃጥሏል ተብሎ ሲመዘገብ ኩሬው ሳይነካ ይቀራል። ሳላማንደሩ እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በፌዴራል ሕግ ጥበቃ ሥር ነው፤ ሕጉ ግን ብቻውን ሣር አያበቅልለትም።

ባለፈው ሰኔ አንድ ኩሬ እስከ መሀሉ ተቃጠለ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ሄጄ ሳየው፣ በጠቆረው መሬት ላይ እንደ ሽቦ የቀጠነው ሣር ጣት የሚያህል አቆጥቁጦ ነበር። ኅዳር ላይ ስመለስ፣ በብርዱ ወራት ከተቃጠለ እምብዛም የማያብበው ያው ሣር አብቦ፣ ዘር ይዞ ጠበቀኝ። ወለሉ ገና ደረቅ ነበር፤ እንቁላል ካለ እንዳልረግጥ ዳር ላይ ቆሜ አይቼ ተመለስኩ።