ስሙ ወዲያ፣ መሬቱ ወዲህ

ሥራዬ ሹፍርና ነው። ቅዳሜና እሑድ ከሳን ፍራንሲስኮ ቱሪስት ጭኜ ናፓ ሸለቆ አደርሳለሁ። እነሱ ወይን ሲቀምሱ እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ስልኬን ይዤ ቁጭ። የሸለቆውን የወይን ቤቶች ታሪክ ማንበብ የጀመርኩት እንዲሁ ጊዜ ለመግፋት ነበር። በኋላ እዚያው ሸለቆ ውስጥ፣ ራዘርፎርድ የምትባል ቦታ ያለው ኢንግልኑክ የሚባል ወይን ቤት ነገሩን አከረረብኝ።

ተሳፋሪዎቼ ስለዚህ ቤት አንድ ነገር ነው የሚያውቁት። «የኮፖላ ነው አይደል? የጎድፋዘሩ ዳይሬክተር?» አዎ፣ የእሱ ነው። ግን ኮፖላ ሲመጣ ቤቱ መቶ ዓመት ሊደፍን ምንም አልቀረውም ነበር።

ቤቱን ትልቅ ያደረገው ጉስታቭ ኒባውም የሚባል የሄልሲንኪ ልጅ ነው። የመርከብ ካፒቴን ነበር። ሩሲያ አላስካን ለአሜሪካ ስትሸጥ እዚያው ተገኝቶ፣ በባሕር እንስሳት ቆዳ ንግድ ከበረ። እ.ኤ.አ. በ1879 ኢንግልኑክን ገዛ። ዛሬም የቆመው የድንጋይ ሕንፃ በ1887 አለቀ። አሠራሩ ደስ ይላል፤ ፍሬው ከላይኛው ፎቅ ይገባል፣ ጭማቂው በራሱ ክብደት ወደ ታች ይወርዳል። ሰውየው ለንጽሕና ነገር አይቻልም ነበር። ነጭ ጓንት አጥልቆ አቧራ ይፈትሽ ነበር ይባላል። በ1889 የፓሪሱ ኤግዚቢሽን ላይ ወይኑ ተሸለመ። ከፓሪስ! ያኔ የካሊፎርኒያ ወይን ማን ይቆጥረው ነበር።

ኒባውም በ1908 ሞተ፤ ልጅ አልነበረውም። ከዚያ የመጠጥ እገዳው መጣ፣ ከ1920 እስከ 1933። ይህንን ዘመን ዝም ብለን እንለፈው፤ ሸለቆውን በሙሉ ያደቀቀ ነገር ነው።

እኔ የምወደው ሰው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው። ጆን ዳንኤል ይባላል። የኒባውም ሚስት ዘመድ ነው፤ በዚያው ግቢ ነው ያደገው። በ1939 ኃላፊነቱን ተረከበ። የ1941ዱ ካበርኔ ሶቪኞን፣ ቀይ ወይን ነው፣ የእሱ ሥራ ነው፤ ዛሬም ወይን አዋቂዎች ስሙን ሲጠሩት ድምፃቸው ይቀየራል። ዳንኤል አንድ ግትር ልማድ ነበረው። የዓመቱ ወይን ካልጣመው ኢንግልኑክ የሚለው ስም አይለጠፍበትም። በጅምላ ለሌላ ይሸጠዋል፣ በቃ። የሚከስረው ራሱ ነው። ታዲያ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ኒባውም የአላስካ ቆዳ ነበረው። ዳንኤል ግን ያለው ወይኑ ብቻ ነው፤ ወይኑ ደግሞ እንደዚያ ተመርጦ ሲሸጥ ትርፍ አይሰጥም።

በ1964 ዩናይትድ ቪንትነርስ ለሚባል ትልቅ ኩባንያ ሸጠው። የድሮው የኒባውም መኖሪያ ቤትና የተወሰነ ማሳ ለራሱ አስቀርቶ ነው። ብዙ ሰው «ምነው ባይሸጥ» ይላል። እኔ አልፈርድበትም። እየከሰረ ጥሩ ወይን የጠመቀን ሰው ከመሸጡ በፊት ማን አገዘው?

ከሽያጩ በኋላ ያለው ነገር ግን ያንገበግባል። ብዙም ሳይቆይ ሂውብላይን ጠቀለለው፤ ስሚርኖፍ ቮድካን አሜሪካ ውስጥ ያስፋፋው ኩባንያ ነው። ከድንጋዩ ሕንፃ ፊት ለፊት ግዙፍ የበርሜል መጋዘን ገተሩበትና ሕንፃው ከመንገድ እንዳይታይ ሆነ። ስሙን ደግሞ ከሌላ ቦታ በመጣ ርካሽ ወይን ላይ ለጠፉት፣ በጋሎን ጠርሙስ። ዳንኤል በ1970 ነው የሞተው። ያንን ጅማሬ በዓይኑ አይቷል ማለት ነው።

እኛ አገር የጉደር ወይን ጠማቂው አዋሽ እ.ኤ.አ. በ2013 ከመንግሥት ወደ ግል ሲዞር ጉደር ጉደር ሆኖ ነው የቀጠለው። አባቴ ለበዓል የሚያወጣት ጠርሙስ ላይ ስሙ ንክች አላለም። ስም ከቤቱ ተነጥሎ ለብቻው ሲንከራተት ያየሁት እዚህ ነው።

ኮፖላ በ1975 የኒባውምን መኖሪያ ቤትና በዙሪያው ያለውን መሬት ገዛ፤ በጎድፋዘር ገንዘብ። ከጓዳው የድሮ ጠርሙስ ተገኘ። ጎረቤቱ፣ ታዋቂው ወይን ጠማቂ ሮበርት ሞንዳቪ፣ ቤቱ መጥቶ የ1890 ወይን እንደከፈተለት ኮፖላ ራሱ ይናገራል። የድንጋዩን ሕንፃና የቀረውን ማሳ ያገኘው በ1995 ነው፤ አሁንም በፊልም ገንዘብ፣ በድራኩላ። ያንን መጋዘን አፈረሰው። (ለዚህ ብቻ እጁን ልጨብጠው እፈልጋለሁ።) ግን ስሙ የለውም! መሬቱ የእሱ ነው፣ ሕንፃው የእሱ ነው፤ ኢንግልኑክ የሚለው ስም ግን ከኩባንያ ኩባንያ እየዞረ ሱፐርማርኬት መደርደሪያ ላይ ነው። ኒባውም-ኮፖላ ብሎ ጠራው፣ ከዚያ ሩቢኮን። በመጨረሻ በ2011 ስሙን ገዛ። ያኔውኑም ሻቶ ማርጎ ከሚባለው የፈረንሳይ ቦርዶ ዝነኛ ወይን ቤት ፊሊፕ ባስኮል የሚባል ባለሙያ አስመጥቶ ወይኑን አስረከበው።

እንግዲህ ልብ በሉ። ካፒቴኑ በቆዳ፣ ዳይሬክተሩ በፊልም። ቤቱን ጠብቆ ያቆየው ከወይን ውጭ የመጣ ገንዘብ ነው። በወይኑ ብቻ ሊያኖረው የሞከረው ዳንኤል ነው የሸጠው። አስጎብኚዎቹ ይህንን አይናገሩም።

ደግሞ ሌላ ነገር አለ። በ2021 ኮፖላ ሶኖማ ውስጥ ያለውን ሌላውን፣ ትልቁን የወይን ቤቱን ዴሊካቶ ለሚባል የቤተሰብ ኩባንያ ሸጠ። በምትኩ ከገንዘቡ ሌላ የኩባንያው ድርሻም አገኘ። አብሮ የተሸጠው የራሱ ስም ያለበት ወይን ነው። ባለፈው አንዲት ተሳፋሪ ስንመለስ መንገድ ላይ ሱፐርማርኬት አቁምልኝ ብላ ወረደች። «ከኮፖላ እርሻ የመጣ ወይን፣ ሃያ ዶላር እንኳን አይሞላም!» ብላ ጠርሙሱን እያሳየችኝ ተመለሰች። ራዘርፎርድ ያለው የዚህን ስንት እጥፍ እንደሚሸጥ አልነገርኳትም። ቀበቶዋን አሰረች፣ ጉዞ ቀጠልን።